መርዶ ነጋሪዋና ዓሣ ነባሪው

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጆርጂያ አቬኑ ግራና ቀኝ ከሚኖረው ሐበሻ መካከል እትዬ ጌጤነሽን የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ወይ ትናንት በዲቪ የገባ ነው፣ ወይ አገር ቤት ዘመድ የሌለው ነው። ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃታል። ማወቅ ብቻ ሳይሆን ይፈራታል። ክፉ ሆና አይደለም፤ እንደ እሷ ያለ ደግ ሰው በመላው ሜሪላንድ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የሚፈራት መርዶ ነጋሪ ስለሆነች ነው።

ማንም አልሾማትም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የአንዲት የቤተ ክርስቲያኗ ልጅ እናት አገር ቤት አርፈው የሚነግራት ሰው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ፣ ጌጤነሽ መሀላቸውን ሰንጥቃ ገባች። ልጅቱን አቀፈቻት፣ ነገረቻት፣ አብራት አለቀሰች፣ ከዚያም እጅጌዋን ሰብስባ ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው ወጥ ሠራች። ከዚያን ቀን ወዲህ በሲልቨር ስፕሪንግም በሉት በበልትስቪል፣ በፔትዎርዝም በሉት ወንዙን ተሻግሮ በአሌክሳንድሪያ፣ አገር ቤት ሰው በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ሆነ።

እሷም ለሥራው ወግ አበጀችለት። መርዶ የሚነገረው ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከሦስት ሰው ባነሰ አይኬድም፤ አንድ የሚጸልይ፣ አንድ የሚይዝ፣ አንድ የሚናገር። ለአለቃው ቀደም ብሎ ተነግሮ ፈቃድ ይጠየቃል። ስልኩን በዘዴ መቀበል ያስፈልጋል፤ ፌስቡክ የሚሉት ነገር ቀድሞ እያወጀ ስንቱን ጉድ ሠርቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውየው መብላት አለበት። ከተነገረው በኋላ እህል በአፉ አይዞርምና፣ አስቀድሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ማጉረስ የጌጤነሽ የራሷ ፈጠራ ነው። ጣጣው ታዲያ፣ በጠዋት ምግብ ይዛ የመጣችበት ሰው ሁሉ ክዳኑ ሳይከፈት ማልቀስ ጀመረ። አንድ ቀን ለአቶ አለማየሁ የልደት ኬክ ይዛላቸው ብትሄድ፣ ሰውዬው በሩን እንደከፈቱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ይህች ሴት በሕይወቷ አንድ መርዶ ብቻ ነው የተበላሸባት። እሱም የገዛ እህቷ ነበር።

እህቷ አጸደ በሦስት ዓመት ታንሳታለች፤ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ሁለቱንም አሰላ ላይ ያሳደጓቸው አጎታቸው ጋሼ ወልደአምላክ ነበሩ። ጋሼ ያረፉ ሰሞን አጸደ የሐሞት ከረጢቷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ቀጠሮ ይዛ ነበር። ጌጤነሽ «ኦፕራሲዮኑ ይለፍ» አለች። አለፈ። «ቁስሏ ይጠግግ» አለች። ጠገገ። ከዚያ የአጸደ የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው መጣ፤ በለቅሶ ያበጠ ዓይን ይዞ ማን ኢንተርቪው ይገባል? ከዚያ የአጸደ ልጅ ሮዳስ የነርስነት ፈተና ነበረባት። ከዚያ እንቁጣጣሽ ሆነ። እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ደግሞ መርዶው ራሱ አርጅቶ ለመናገር የሚያሳፍር ሆነ። እንዲህ እያለ አምስት ወር ሊሞላው ሲል፣ አጸደ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሰርግ ተጠርታ፣ ሳህን ይዛ ለምግብ ተሰልፋ ሳለ፣ ከኋላዋ የቆመ የአሰላ ሰው «ለአጎትሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለነገሩ እንኳን ቆይቷል» አላት።

ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ዞር ብትል ጌጤነሽ ከሦስት ሰው ኋላ ቆማለች።

«ለሰው ሁሉ የምትነግሪው፣ ለእኔ ሲሆን ነው አፍሽ የተያዘው?» አለቻት፤ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ እየሰሙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓመት ከአራት ወር አልተነጋገሩም። ጌጤነሽ ደወለች፤ አጸደ አላነሳችም። ሽማግሌ ላከች፤ ሽማግሌዎቹ ጠጅ ሳይሆን ውሃ ጠጥተው ተመለሱ። ሮዳስ ሁለቱን በማታለል ሬስቶራንት ብታገናኛቸው፣ አጸደ ሜኑውን ሳትገልጥ ተነስታ ወጣች። ጌጤነሽ ለሰው «ተዉአት፣ ይበርድላታል» ትላለች እንጂ፣ ነገሩ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ነበር የሚውለው።

ይህ እንዲህ እንዳለ፣ በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ልክ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የጌጤነሽ በር ተንኳኳ።

በበሩ ቀዳዳ አየች። ፊት የቆሙት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ እንዳልካቸው ናቸው። ከጎናቸው፣ አብራት በአዛውንቶች መጦሪያ የምትሠራው ጎረቤቷ ምህረት በፎይል የተሸፈነ ሳህን ታቅፋለች። ከኋላቸው በሩን የሚያህለው ዕዝራ አለ። ዕዝራ ማለት ጌጤነሽ ራሷ ለመርዶ ስትሄድ፣ የሚወድቅ ሰው ካለ እንዲይዝ ይዛው የምትዞረው ሰው ነው።

አንድ የሚጸልይ፣ አንድ የሚይዝ፣ አንድ የሚናገር። ቆሌዋ ተገፈፈ።

«እንዴት አደርሽ፣ እህቴ?» አሉ ጋሽ እንዳልካቸው በሩ ሲከፈት፣ ፈገግ ብለው። ጋሽ እንዳልካቸው ደግሞ በሰርግም ፈገግ የማይሉ ሰው ናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው! በጣም ሰላም ነው!» አለች ምህረት።

ጌጤነሽ ግድግዳውን ያዘች። «ደህና ነው ብቻ ካልሽ ሰው ይጠረጥራል፤ በጣም ደህና ነው በይ» ብላ ምህረትን ያሠለጠነቻት ራሷ ናት፤ ባለፈው ዓመት፣ ወደ በልትስቪል ለመርዶ ሲሄዱ፣ መኪና ውስጥ።

«በይ ወፍራም ወፍራም ልበሺ፤ አንድ ቦታ ደርሰን እንመለሳለን» አለች ምህረት።

«የት?»

«ሰርፕራይዝ ነዋ!»

«ሥራስ? ዛሬ ሺፍት አለኝ እኮ።»

«እሱን ተዪው፣ ሱፐርቫይዘሯን ትናንት ኮል አድርጌያት ኦፍ ሰጥታሻለች። ስልክሽን ደግሞ ወዲህ በይ፣ እኔ ልያዝልሽ፤ እንዳይጠፋብሽ።»

ጌጤነሽ ስልኩን ሰጠች። ትናንት ከሥራ ስትወጣ ሱፐርቫይዘሯ ያለወትሮዋ አቅፋ ጀርባዋን መታ መታ ያደረገቻት ለካ ለዚህ ነው። ፈረንጇ እንኳ ሰምታለች። ሁሉም ሰምቷል፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ለምን እዚያው እንዳልጮኸች በኋላ ብዙ ሰው ጠይቋታል። አንደኛ፣ ሥራውን ታከብራለች፤ ሳይነገራት የምትጮህ ሴት የነጋሪውን ልፋት መና እንደምታስቀር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛውን ምክንያት ግን ለሰው አልተናገረችም። እስካልተነገራት ድረስ ማንም አልሞተም። ሁለት ካልሲ ደርባ ስታደርግ፣ ትልቁን ካፖርት ስትለብስ፣ ሻርፗን ስትጠመጥም፣ የቻለችውን ያህል ታዘግም ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ቫን መንገድ ሲጀምር ጋሽ እንዳልካቸው ጸለዩ። «በመንገዳችን ሁሉ ቅደም፤ ልብን አጽና» አሉ። ዕዝራ መሪውን ይዞ «አሜን» አለ። ጌጤነሽ መስኮቱን ተደግፋ ሂሳቡን ማስላት ጀመረች። አገር ቤት ሰው ቢሞት የሚደወለው ለእሷ ነው፤ አልተደወለም። ስለዚህ የሞተው ለእሷ የማይደወልበት ሰው ነው፤ የራሷ ሰው ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ቆየ። ልጅ የላትም። ጋሼ ሄደዋል። በዚህ ምድር ላይ የቀረቻት የሥጋ ዘመድ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም አሌክሳንድሪያ ነው ያለችው።

ድልድዩን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ፣ የአጸደ ቤት መውጫ መጣ። ቫኑ አልፎት ሄደ።

«አሌክሳንድሪያ አንገባም እንዴ?» አለች፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል።

«አሌክሳንድሪያ ምን አለ አሁን?» አለ ዕዝራ። ምህረት ከኋላ ትከሻውን ቆነጠጠችው።

«አጸደ ደህና ናት?»

ምህረት የምትጠጣው ሻይ ትን አላት። «ደህና ናት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «በጣም ደህና ናት።»

አበቃ። ጌጤነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የሞተችው ሳትታረቃት ነው። «ይበርድላታል» እያለች ዓመት ከአራት ወር ስትጠብቅ፣ አንድ ቀን በሯ ላይ ሄዳ አለመተኛቷ አንገበገባት። በልቧም ተሳለች፦ ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ውሸት ሆኖ በሕይወት ካገኘኋት፣ እስክሞት አንዲት ነገር አልደብቃትም። ከዚያ ደግሞ ሐሳቧ ወደ ሙያዋ ተመለሰ። ሮዳስን ማን ይዟታል? ድንኳኑ የት ነው? ደግሞስ ለምን ይሆን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሪችመንድ የሚወስዷት?

ሪችመንድ ሲደርሱ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሙ። ምህረት ሳህኑን ገለጠች፤ ፍርፍር ነው።

«ቅመሺ እትዬ ጌጤ፣ ባዶ ሆድ ጥሩ አይደለም።»

«አልበላም።»

«ብይ ግዴለሽም፤ በኋላ ያስቸግርሻል።»

«በኋላ ምን አለ?»

ምህረት ዕዝራን አየችው፤ ዕዝራ ጋሽ እንዳልካቸውን አያቸው፤ ጋሽ እንዳልካቸው ሰማይ ሰማዩን አዩ። ምህረት አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ጌጤነሽ የገዛ ፈጠራዋን በገዛ አፏ ዋጠች። በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ አንድ የሚያበሳጫት ነገር ነበር። እነዚህ ሰዎች ለሥራው አልተፈጠሩም! አንድ መርዶ ለመንገር ሁለት ሰዓት ይነዳል? ዕዝራ ደግሞ ስልኩን እያየ ይስቃል። እሷ ብትሆን ይሄኔ ነግራ፣ አስለቅሳ፣ አባብላ ጨርሳ ነበር።

«ይህቺን ደግሞ ዋጫት» አለች ምህረት፣ ነጭ ክኒን አውጥታ።

«ምንድን ናት?»

«እንዳያጥወለውልሽ ነው። እኛም ውጠናል።»

«ለሁላችሁም ከባድ ነው ማለት ነው» አለች ጌጤነሽ፤ አሳዘኗት። ክኒኗን ዋጠች። ክኒኗ ደግሞ ከመጠኗ በላይ ኃይለኛ ነበረችና ጌጤነሽ ሐዘኗን እንደታቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ቫኑ ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሟል። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። ነጫጭ ወፎች ይጮኻሉ። ከጀልባዎቹ ወዲያ፣ እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ፣ ውሃ ነው።

ባሕር! አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላት። እህቷ ባሕር ገብታ ነው የሞተችው። በዚህ በየካቲት ብርድ ባሕር ምን ልትሠራ ገባች የሚለውን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። የቫኑን በር ከፍታ ወረደችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«በቃ! ከዚህ በላይ አታድክሙኝ! ራሴ ደርሼበታለሁ! አገኛችኋት ወይስ ባሕሩ ይዟት ቀረ?»

«ማንን?» አሉ ጋሽ እንዳልካቸው፣ ዓሣ ነባሪ ለማየት ያመጡት መነጽር ማንገቻ አንገታቸው ላይ ተብትቦባቸው ለማውጣት እየታገሉ።

«አጸደን ነዋ! እህቴን! ወይኔ አጸደ! ወይኔ እህቴን! ሳልታረቅሽ!» አለችና ደረቷን እየመታች አስፋልቱ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ዕዝራ ከልማድ የተነሳ ሳያስብበት ከብብቷ ሥር ገብቶ ያዛት።

በዚህ ጊዜ ነው፣ ከፓርኪንጉ ማዶ፣ ከአንዲት ትንሽ ግራጫ መኪና አጠገብ ሌላ ለቅሶ የተሰማው። «ጌጤዬ! ወይኔ ጌጤዬ! እናቴ!» የሚል። ጌጤነሽ የራሷን ጩኸት አቋርጣ አዳመጠች። ድምፁን ታውቀዋለች። ያች ሟች አጸደ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ልጇ ሮዳስ ወገቧን ይዛት፣ ጌጤነሽን እያለቀሰች ትመጣለች።

ሁለቱ ተያዩ።

መነጽር አንጠልጥለው፣ ኮፍያ ደፍተው ለጀልባ የተሰለፉት ፈረንጆች ሁሉ ዞር ብለው አዩ።

«አንቺ!» አለች ጌጤነሽ።

«አልሞትሽም?» አለች አጸደ።

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ የሞትሽው!»

«እንዴት እኔ እሞታለሁ? ይህቺ ልጅ በሌሊት ቀስቅሳኝ፣ አስገድዳ አብልታኝ፣ ስልኬን ቀምታኝ፣ ክኒን አስውጣኝ! መርዶ መሆኑ ገባኝ። መርዶ ከሆነ ደግሞ የምትመጣው ጌጤ ናት፤ ጌጤ ካልመጣች የሞተችው ጌጤ ናት ብዬ ደመደምኩ። አሁን ደግሞ ባሕር ሳይ፣ ሰምጣ ነው አልኩ።»

«እኔም ሰምጣ ነው አልኩ!» አለች ጌጤነሽ። ከዚያ ሄደው ተናነቁ። ተሳሳሙ፤ አለቀሱ፤ አንዷ የሌላዋን ፊት በሁለት እጇ ይዛ እውነትም እሷ መሆኗን አገላብጣ አየች። ጋሽ እንዳልካቸው ኮፍያቸውን አውልቀው «ጌታ ይመስገን» አሉ፤ ለምን እንደሚያመሰግኑ ግን ገና አልገባቸውም ነበር።

እቅዱ የሮዳስ ነው። «ሬስቶራንት ሞከርኩ፣ ማሚ ተነስታ ሄደች» አለች፣ ሁለት እናቶች መሀል ቆማ። «ሰው ተነስቶ የማይሄድበት ቦታ ሳስብ ሳስብ፣ ፕሌን ወይም ጀልባ ነው። በዊንተር እዚህ ዓሣ ነባሪ የሚያሳይ ጀልባ አለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ባሕር ላይ ነው። አይ ቶት ኢት ዋዝ ሶ ስማርት፤ ብልሃት መስሎኝ! ምግቡና ክኒኑ ለባሕሩ ነው፣ እንዳያስመልሳችሁ። ማንም ሞቷል ያለ ሰው የለም እኮ!»

«ታዲያ ለምን አትነግሩንም ነበር?» አለች ጌጤነሽ።

ምህረት አጉረመረመች። «አንቺ ምስጢር የምትደብቂው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሌላውን ነገር ብንነግርሽ ኖሮ ትናንት ማታውኑ አሌክሳንድሪያ ሙሉ ያውቀው ነበር።»

ይህ እውነት ስለሆነ ማንም አልተከራከረም። ነገር ግን ሰው የሚገርም ፍጥረት ነው። ሁለቱም በሕይወት መኖራቸው በደንብ እንደተረጋገጠ፣ ኩርፊያውም አብሮ ነፍስ ዘራ። አጸደ እንባዋን ጠረገች፤ ጃኬቷን አስተካከለች፤ ያ የሰርግ ሳህን ትዝ አላት። ወደ ጀልባው ሲገቡ ጌጤነሽ ከጎኗ ልትቀመጥ ስትል፣ አጸደ ቦርሳዋን ቦታው ላይ አስቀመጠች።

«አልሞትሽም ማለት ታርቄሻለሁ ማለት አይደለም» አለቻት።

ጌጤነሽ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ሮዳስ እንዳለችውም ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ አልነበረም።

አስጎብኚዋ ፊቷ በብርድ የቀላ ወጣት ናት፤ በማይክሮፎን ትናገራለች፣ ሮዳስ ለአዛውንቶቹ ታስተረጉማለች። ሐምፕባክ የሚባሉት፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ ዓሣ ነባሪዎች ክረምቱን ከብርዱ ሸሽተው፣ ከሰሜን እስከ ካሪቢያን ሙቅ ውሃ ድረስ ይወርዳሉ። እዚያ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ። ለአቅመ አዳም ያልደረሱት ግን ብዙዎቹ እዚህ፣ ቨርጂኒያ ዳርቻ ላይ ይቆማሉ፤ ትናንሽ ዓሣ እየበሉ ይከርማሉ።

«ጎረምሳ ነው በይኛ!» አሉ ጋሽ እንዳልካቸው። «ቤተሰብ ካሪቢያን ይጠብቀዋል፣ እሱ መንገድ ላይ ሲበላ ቀረ። የእኔ ልጅ ማቲያስም እንዲሁ ነው፤ ለትምህርት ብዬ አትላንታ ብልከው፣ ሻርሎት ላይ ሬስቶራንት ገብቶ ቀረ።»

ለአርባ ደቂቃ የታየ ነገር አልነበረም፤ ውሃ፣ ብርድ፣ ደግሞ ውሃ። ዕዝራ፣ ያ በር የሚያህል ሰው፣ ክኒኗን «ለሴቶች ናት» ብሎ ደብቆ ጥሏት ኖሮ ጠርዙን ታቅፎ ያስመልሳል። የሚይዘው ሰው ጠፍቶ ምህረት ከኋላ ቀበቶውን ይዛዋለች። ጌጤነሽ እህቷን በቆረጣ ታያለች። አጸደ ጓንት አልያዘችም፤ ጣቶቿን እፍ እፍ ትላለች። ጌጤነሽ ጓንቷን አውልቃ በሮዳስ ላከችላት። አጸደ አንዱን አደረገች፤ አንዱን መልሳ ላከች። ጌጤነሽ ይህን ትልቅ እርምጃ አድርጋ ቆጠረችው።

ከዚያ ወፎቹ በአንድ ቦታ ላይ ተሰበሰቡ። አስጎብኚዋ ጮኸች። ከጀልባዋ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ውሃው እንደ ገንፎ ፈላ፣ ትናንሽ ዓሦች እየዘለሉ ብን አሉ፣ ከመሀላቸውም አፉን የከፈተ፣ ቤት የሚያህል ጥቁር ነገር ብቅ አለ። አንድ ጊዜ ጎርሶ ዘጋው። ከዚያ በአናቱ ፉፉፉ ብሎ ተነፈሰ፤ ጭጋጉ ነፋስ ይዞት መጥቶ የሁሉንም ፊት አራሰ።

«ሃሌሉያ!» አሉ ጋሽ እንዳልካቸው። ጌጤነሽ ሳታስበው እልልታዋን ለቀቀችው። ከመርዶ ጋር ሃያ ዓመት የኖረ ጉሮሮ እንዲህ ያለ እልልታ ይወጣዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ካፒቴኑ ራሱ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት አንገቱን አወጣ።

«ኡፍ! እንዴት ያለ ትንፋሽ ነው!» አለች አጸደ አፍንጫዋን ይዛ።

«ዓሣ ብቻ ስትበዪ ብትከርሚ አንቺስ?» አለች ጌጤነሽ።

አጸደ ሳቀች፤ መሳቋ ትዝ ሲላት ዘጋችው። ግን ሰው ሁሉ ወደ አንዱ ጠርዝ ሲሮጥ ተገፍተው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከጎናቸው ሰው ስለታጨቀ ቦርሳ የሚቀመጥበትም ክፍተት የለም። ዓሣ ነባሪው ጠልቆ ሄደ። ሁሉም ውሃውን ማየት ቀጠለ።

«ሞታለች ብዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ መጣሁ» አለች ጌጤነሽ ቀስ ብላ። «ይነግሩኛል አይነግሩኝም እያልኩ። ሁሉም እያወቀ፣ በፈገግታ እያየኝ። እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ አጸደ። ሃያ ዓመት ሰው ላይ ሳደርገው።»

አጸደ ውሃውን እያየች፣ «ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?» አለች።

ጌጤነሽ «የለም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ምንም የለም፣ በጣም የለም» ልትል። ግን ጠዋት መኪና ውስጥ የተሳለችውን አሰበች።

«ምህረት፣ ስልኬን» አለች።

ጋሼ ሊሞቱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው በቴሌግራም የላኩት ድምፅ ነበር። ጌጤነሽ ሻርፗን ፈታ ነፋሱ እንዳይገባ የሁለቱንም ራስ ሸፈነች፤ ስልኩን በጆሯቸው መሀል አደረገች። የጋሼ ድምፅ መጣ፣ እንደ ሁልጊዜው ስልክ ሲያወሩ ማዶ ለማዶ የሚጣሩ ያህል እየጮኹ፦

«ጌጤ፣ እንደምን ሰነበትሽ። አጸደ የላከችው ጫማ ደርሶኛል። ጫማውስ ጫማ ነው፣ ግን ጠቦኛል። ጣቴን አጥፌ ነው የማደርገው። ለፋሲካ አድርጌው ወጣሁ፤ ሰው ሁሉ አየልኝ። ከአሜሪካ አጸደ ላከችልኝ አልኩ። ጠባብ መሆኑን ግን እንዳትነግሪያት፤ ሆዷ ቡቡ ነው፣ ይከፋታል። ደህና ሁኚ።»

አጸደ ከሻርፑ ሥር የስልኩን ገጽ በጓንቷ ጠረገች።

«እሳቸው እንዳይከፋኝ ነው» አለች። «አንቺስ? ከሞቱ በኋላ እንኳ ለምን ደበቅሽኝ?»

ጌጤነሽ ሻርፑን ጠበቅ አደረገች። «የጫማ ቁጥራቸውን ጠይቂልኝ ብለሽኝ ነበር። ሳልጠይቅ ከራሴ አርባ አንድ አልኩሽ።»

የአጸደ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ጌጤነሽ የምታለቅስ መስሏት ልታቅፋት ስትል እየሳቀች ነው። ትስቃለች፣ «ጣቴን አጥፌ!» ትላለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ሳቁ ወዲያው መልኩን ለወጠና ለቅሶ ሆነ፤ ለጋሼ የሚገባው፣ ዓመት ከዘጠኝ ወር የዘገየ፣ ከእህት ጋር ካልሆነ የማይወጣ ለቅሶ። ጌጤነሽም አብራት አለቀሰች፤ እንደ ነጋሪ ሳይሆን እንደ ተነገራት ሰው።

«ድገሚልኝ» አለች አጸደ።

ደገመችላት። ጋሼ «ጫማውስ ጫማ ነው» ሲሉ ነው ዓሣ ነባሪው የመጣው። ጎረምሳው ከነጅራቱ ከውሃው ተነቅሎ ወጣ፤ ነጭ ሆዱን ለሰማይ አሳይቶ፣ ረጃጅም ክንፎቹን ዘርግቶ፣ ተገልብጦ ሲወድቅ ባሕሩ ጮኸ። አስጎብኚዋ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ዝላይ አላየሁም ብላ ማይክሮፎኗን ጣለች። ፈረንጁ አጨበጨበ። ዕዝራ ሳይቀር ቀና ብሎ አየ።

ሮዳስ ስልኳን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «አያችሁት? ኦ ማይ ጋድ፣ አያችሁት?»

ሁለቱ እህትማማቾች ከሻርፑ ሥር ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጠጉራቸው ተንጨፍርሯል። አጸደ ጌጤነሽን አየቻት። ጌጤነሽም አጸደን አየቻት።

«አየነው እንጂ!» አለች አጸደ።

«በጣም አየነው» አለች ጌጤነሽ።

ሮዳስ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሁለቱን ያስታረቃቸው ያ ዝላይ ነው እያለች ለሰው ታወራለች። ማንም እውነቱን አልነገራትም።